ሞኬት ተነጥፎም የማይቆመው የፎቅ ድምፅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ጅማ ውስጥ ኮንዶሚኒየም 2ኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞኬት አንጥፋለች። ከታች ያሉት ሐጂ ግን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋደም ሲሉ የልጆቹ ሩጫና የቡና ውቀጣው እረፍት እየነሳቸው ደጋግመው መጥተው ተናግረዋል። እሷም በተራዋ የእሳቸውን ቴሌቪዥን የዜናው ቃል ሳይቀር ትሰማለች። «ከሞኬቱ ስር ምን ባነጥፍ ይቆማል? አንዱ ስፖንጅ ይለኛል፣ አንዱ ሁለተኛ ሞኬት ደርቢበት ይላል፣ አንዱ ደግሞ የእንቁላል ትሪ ለጥፊ ይላል» ብላ ነው የጠየቀችው።

እህቴ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት አንድ ነገር እንለይ። አንቺ ቤት ያለው የድምፅ ችግር አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። መንገዳቸውም መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ሰዎቹ የሰጡሽ ምክር እርስ በርሱ የሚጋጨው ሁሉም አንዱን ብቻ አስበው ስለሚናገሩ ነው።

የሐጂ ቅሬታ የምት ድምፅ ነው። ተረከዝ ወለሉን ይመታል፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ይመታል፣ ሙቀጫው ወለሉን ይመታል። ያኔ ሶሌታው፣ ማለትም በሁለታችሁ መሃል ያለው የኮንክሪት ወለል፣ ራሱ ይንቀጠቀጥና የታችኛውን ቤት አየር ያንቀጠቅጣል። ያንቺ ቅሬታ ደግሞ የአየር ድምፅ ነው። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ አየሩን ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ከዚያ ድምፁ ወይ በሶሌታው አልፎ ወይ በቀዳዳ ሾልኮ አንቺ ጋ ይደርሳል። ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ወሬ እንዳይመስልሽ። እንግሊዞች በሕንፃ ደንባቸው ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚለኩት። በአዲስ ሕንፃ በሁለት መኖሪያ ቤቶች መሃል ያለ ወለል የአየር ድምፅን ቢያንስ 45 ዴሲቤል መከልከል አለበት፣ የምት ድምፁ ደግሞ ታች ቤት ሲለካ ከ62 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። አንዱን አሟልቶ በሌላው የሚወድቅ ወለል ሞልቷል።

ሞኬትሽ የት ጋ ነው የሚገባው? በምት ድምፅ ላይ ጎበዝ ነው። ባዶ ኮንክሪት ላይ ደህና ሞኬት ሲነጠፍ በላብራቶሪ አለካክ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ድምፅ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ለጆሯችን በግማሽ እንደቀነሰ ነው የሚሰማን፣ 20 ሲወርድ እንግዲህ ሩብ ቀረ ማለት ነው። ቀላል አይደለም። በአየር ድምፅ ላይ ግን ሞኬት ከዜሮ አይሻልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አየር ያሳልፋል፣ ክብደትም የለውም። የሰው ንግግር የሚቆመው በከባድና በድፍን ነገር እንጂ በለስላሳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛ ሞኬት ደርበሽ የሐጂ ቴሌቪዥን ይጠፋል ብለሽ እንዳትጠብቂ። ሦስተኛም ብትደርቢ ያው ነው።

«ታዲያ 20 ዴሲቤል ከቀነሰ ሐጂ ለምን ይማረራሉ?» ትይኛለሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሞኬት ሻጮችም የማይነግሩሽ ይህን ነው። የምት ድምፅ የሚለካበት ማሽን 5 መዶሻዎች አሉት። እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ከ4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ይመታል፣ ሁሉም ተደምሮ በሰከንድ 10 ምት ይሆናል። መዶሻው ጠንካራ ስለሆነ በባዶ ኮንክሪት ላይ ቀጭን፣ ሹል ድምፅ ያወጣል። ሞኬት ደግሞ አሳምሮ የሚበላው እሱን ነው፤ የጫማ ቀጭ ቀጭ፣ የወደቀ ማንኪያ፣ የሚጎተት ወንበር። የልጅ ተረከዝ ግን በራሱ ሥጋ ለስላሳ ነው። ልስላሴ ብትጨምሪበት ብዙ የሚቀየር ነገር የለም። ተረከዙ የሚያወጣው ወፍራም ዱብ ዱብ ነው፣ አብዛኛው ከ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) በታች ነው፣ እዚያ ላይ ሞኬት አቅም የለውም። ሐጂ የሚሰሙትም ይህንን ዱብ ዱብ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከመገመት ደግሞ መፈተሽ ይሻላል። ሐጂን አስፈቅደሽ አንድ ሰው ታች ቤታቸው ይቀመጥ። አንቺ ከላይ መጀመሪያ ቁልፍ ጣይ። ከዚያ በእግር ጣትሽ ቆመሽ በተረከዝሽ ዱብ በይ። ከዚያ ሙቀጫውን ትንሽ ምቺ። ቁልፉ ካልተሰማና ተረከዙ ከተሰማ ሞኬቱ የድርሻውን ጨርሷል፣ ከሱ በላይ አትጠይቂው። ቁልፉም ከተሰማ ሞኬቱ ስስ ነው ወይም አልቋል፣ ያኔ ከስሩ ደህና ንጣፍ ባለው ሞኬት መለወጥ ያዋጣል። ሐጂም ፈተናውን አብረው ቢሰሙ ጥሩ ነው። ሰው ጉዳዩ እንደተያዘለት ሲያይ ግማሹን ቅሬታ ይተወዋል፣ ይህ ከድምፅ ሳይንስ ውጪ ነው ግን እውነት ነው።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። የዜናውን ቃል ለይተሽ እንደምትሰሚ ነው የጻፍሽው። እኔን ያስጠረጠረኝ ይህ ነው። ድምፅ በሶሌታ ውስጥ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ነው፣ ማለትም «ሰ»፣ «ተ» እና «ከ» የሚለዩበት የንግግር ክፍል። የሚደርስሽ እምምም የሚል ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ሰው እንደሚያወራ ታውቂያለሽ፣ ምን እንደሚል ግን አታውቂም። ቃሉ ጥርት ብሎ ከመጣ የሆነ ቦታ ክፍት መንገድ አለ። እርግጥ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን ሶሌታቸው ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ተሠርተው በመጡ ቢሞች መሃል ክፍት ብሎኬት ተደርድሮ ከላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው፣ ስለዚህ ከድፍኑ ይቀላል፣ በቀለለ ቁጥርም ያሳልፋል። ቢሆንም ቃል ለይቶ ለማሰማት እሱ ብቻውን አይበቃም።

ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ልንገርሽ። 12 ካሬ የሆነ ክፍል አለሽ እንበል፣ ሶሌታው 50 ዴሲቤል ይከለክላል። እዚህ ወለል ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ቢኖር ጠቅላላ አቅሙ ወደ 31 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ከወለሉ 1,200 እጅ አንዱ ብቻ ክፍት ሆኖ ማለት ነው። በአንጻሩ የሶሌታውን ክብደት እጥፍ ብታደርጊው የምታገኚው ቢበዛ 6 ዴሲቤል ነው። መዳፍ የምታክል ቀዳዳ መድፈን የስንት ኩንታል ሲሚንቶ ሥራ ትሠራልሻለች።

ቀዳዳው የት ነው? መጀመሪያ ሽንት ቤትና ኩሽና ሂጂ። የፍሳሽ ቱቦው ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ሶሌታው የተበሳው ከቱቦው ሰፋ ተደርጎ ነው፣ ከዚያ ዙሪያው በወጉ ሳይደፈን ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀትና ፍርስራሽ ተጠቅጥቆበት ከላይ በስስ ልስን ይሸፈናል። አፍንጫሽም ይረዳሻል። ታች ቤት ቡና ሲቆላ ሽታው ሽንት ቤትሽ ውስጥ ከገባ ድምፁም በዚያው መንገድ ይመጣል። ወይም እጣን አጭሺና ጭሱን በቱቦው ዙሪያ፣ በዘኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በሚመታው ጠርዝ) ስር፣ በኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ አጠገብ ቀስ ብለሽ አሳልፊ። ጭሱ የሚሳብበት ወይም የሚገፋበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። መስኮትና በር ዘግተሽ ነው ታዲያ፣ አለበለዚያ የጅማ ንፋስ ያታልልሻል።

አደፋፈኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፎም ረጭቶ መሄድ ቀላል ነው፣ ግን ፎም ቀላል ነገር ስለሆነ ድምፅን እምብዛም አይከለክልም። ጨርቅ መጠቅጠቅም ያው ነው። ፍርስራሹን ጠርገሽ አውጪ፣ ከታች በኩል ሰው ጣውላ ደግፎ ይያዝልሽ፣ ከዚያ ቀዳዳውን በሶሌታው ውፍረት ሙሉ በሲሚንቶና በአሸዋ ሙዪው። ቱቦውና ሲሚንቶው ግን እንዳይነካኩ ቱቦውን አስቀድመሽ በስስ ስፖንጅ ጠቅልዪው፣ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን በሲሊኮን ዝጊ። እንዲህ ካልሆነ ውሃ ሲለቀቅ የቱቦው ንዝረት በቀጥታ ሶሌታው ውስጥ ይገባና ሌላ ቅሬታ ገዛሽ ማለት ነው። የአየር ማስወጫ ቀዳዳን ግን እንዳትነኪ። ቤት ውስጥ በከሰል ቡና የምታፈዪ ከሆነ ደግሞ ስንጥቅ ሁሉ እየደፈንሽ መስኮትም ዘግተሽ መቀመጥ ለሕይወት አደጋ ነው። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ መስኮቱን ፈትሺ። ታች መስኮት ተከፍቶ፣ ላይም ተከፍቶ ከሆነ ድምፁ ወጥቶ ይገባል፣ ወለሉ ምንም አላጠፋም። ሁለታችሁም ዝጉና ስሚ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ወይም ስፒከሩ ወለል ላይ ከተቀመጠ ሐጂ ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጉት፣ ከስሩም ወፍራም ጎማ ቢያስገቡበት ብዙ ይለወጣል። ይህ ነፃ ነው። ነፃውን ሳትጨርሺ ወደ ገንዘቡ አትሂጂ።

ቡናውን አሁን እናንሳ። ጅማ ላይ ቡና አትውቀጪ የሚል ባለሙያ ካለ ሻንጣውን ይዞ ይሂድ። ግን ሙቀጫ ከምት ድምፅ ሁሉ የከፋው ነው፤ ከባድ ነው፣ ሰው በሙሉ ጉልበቱ ነው የሚመታው፣ ጊዜውም ጠዋት ነው። ሞኬት ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ምክንያቱም የሙቀጫው ክብደት ሞኬቱን ጨፍልቆ ልስላሴውን ያጠፋዋል። ግቢው ውስጥ የጋራ ኩሽና ካለ እዚያ መውቀጥ፣ ወይም የኤሌክትሪክ መፍጫ መግዛት አንዱ መንገድ ነው። ወቀጣው ካልቀረ ግን መደብ ሥሪለት። 40 በ40 የሆነ ወፍራም የቴራዞ ሰድር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጊ፣ ከስሩ ጂም ቤቶች ወለል ላይ የሚያነጥፉትን ዓይነት ጥቁር ጎማ በሁለት ድርብ አድርጊ፣ ሙቀጫውን ከላይ አስቀምጪ። ሰድሩ ከባድ ነው፣ ጎማው ሞላ ነው፣ ምቱ ሶሌታው ጋ ከመድረሱ በፊት እዚያ መሃል ይላላል። ቦታውንም ለውጪ። የክፍሉን መሃል ትተሽ ቢሙ ባለበት ግድግዳ አጠገብ አድርጊው። ሶሌታ በጣም የሚንቀጠቀጠው መሃሉ ላይ ነው፣ ድጋፉ ጋ ሲቀርብ ግትር ይሆናል።

ለልጆቹም ይኸው ነው። የሚጫወቱበትን ጥግ በግድግዳው በኩል አድርጊና ሶፋውንና ጠረጴዛውን ወደ መሃል አምጪ። የጅማ አናጢ የሠራው ሶፋ ከሆነ ደግሞ ከነክብደቱ ተመስገን በይ፣ መሃሉ ላይ ሲቀመጥ ልጆቹ የሚንደረደሩበትን መንገድ ይዘጋል። በጥጉ ላይ ወፍራም የልጆች መጫወቻ ፎም ንጣፍ ብታደርጊ ከአልጋ ላይ ዘለው ሲወርዱ ያለውን ምት ያለዝበዋል። ሩጫውን ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋም። ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ፣ ከሞኬቱ ስር ምን ይነጠፍ?

ፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ወዲያው ወለሉን ታገኚዋለሽ፣ የቁም ሳጥን እግር ደግሞ ካንቺ ጣት የባሰ ነው። አንዴ የተጨፈለቀ ስፖንጅ ሞላነቱ አበቃ፣ ምቱን እንዳለ ያሳልፋል። በዚያ ላይ ሞኬቱ ይንሸዋረራል፣ ስፌቱ ይቀደዳል፣ ስኒ የደረደርሽበት ረከቦት ሰው ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛል።

እውነተኛው ዘዴ ተንሳፋፊ ወለል ይባላል። ከባድ ነገር ከላይ፣ ሞላ ከታች፣ ሞኬቱ ከሁሉም በላይ። ባጃጅን አስቢው። ሞላው ልክ ካልሆነና ባጃጁ ባዶውን ከሄደ እያንዳንዷ ድንጋይ ወገብ ትሰብራለች፣ ተሳፋሪ ሲሞላበት ግን ያው መንገድ ይለሰልሳል። ወለሉም እንዲሁ ነው። ሞላው ብቻውን አይሠራም፣ ከላዩ ክብደት ይፈልጋል።

ምን ያህል ክብደት? ስሌት አለው። የሞላውን ግትርነት ለአንድ ካሬ ከላይ ላረፈው ክብደት ታካፍያለሽ፣ ስኩዌር ሩቱን ታወጪና በ160 ታባዢዋለሽ፣ የሚወጣው ወለሉ ሞላው ላይ በራሱ የሚወዛወዝበት ሄርዝ ነው። ግትርነቱ 10 ሜጋ ኒውተን በሜትር ኩብ የሆነ ንጣፍ ላይ ሁለት ድርብ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ብታደርጊ በካሬ 25 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ መልሱም 100 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል። ወለሉ በደንብ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር በአንድ ነጥብ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ነው፣ ማለትም ከ140 ሄርዝ በላይ። ከሱ በታች ያለውን እንዳለ ያሳልፋል፣ 100 ሄርዝ አጠገብ ያለውን እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። የልጆችሽ ዱብ ዱብ ደግሞ የት ነበር? ከ100 በታች። ገባሽ? ብዙ ሰው በቺፑድና በጎማ ብሩን ጨርሶ «ምንም አልቀነሰም» የሚለው ለዚህ ነው። ንግግሩ ቀንሷል፣ ጫማው ቀንሷል፣ ተረከዙ ግን አለ።

ያው ንጣፍ ላይ ከቺፑዱ ይልቅ 5 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ብታፈሺበት በካሬ 100 ኪሎ ይሆናል፣ ቁጥሩም ወደ 50 ሄርዝ ይወርዳል። ይህ ተረከዝን ይነካል፣ ሐጂም ልዩነቱን ያውቁታል። ግን እዚህ ጋ ቁሚ። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ ለሰውና ለዕቃ ተብሎ የሚታሰብለት ጭነት በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ነው። 5 ሳንቲ ሊሾ ጨመርሽበት ማለት ግማሹን በላሽው። ቁም ሳጥኑ፣ አልጋው፣ ለሰርግ ለለቅሶ የሚሰበሰበው ሰው የት ይሄዳል? የሕንፃውን ስትራክቸር የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያይና በጽሑፍ ሳይፈቅድ በክፍት ብሎኬት ሶሌታ ላይ ሊሾ እንዳታፈሺ። ግንበኛው «ችግር የለውም፣ ስንት ቤት ሠርቻለሁ» ቢልሽም እንዳትሰሚው። ሶሌታው ደግሞ የጋራ ነው፣ የሕንፃው ኮሚቴም ሊያውቅ ይገባል።

ስለዚህ በእውነት የሚያዋጣሽ ደረቁ መንገድ፣ ማለትም ጎማና ቺፑዱ፣ ከሆነ ምን እንደምትገዢ አውቀሽ ግቢ። የጎማ ንጣፉን ለመምረጥ ስሱን ሳይሆን 1 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ የጎማ ፍርፋሪ ተጣብቆ የተሠራውን ፈልጊ፤ ጅማ መርካቶ ካጣሽ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ቺፑዱን ሁለት ድርብ አድርጊ፣ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ እንዳይወድቅ አሳልፊው፣ ሁለቱን እርስ በርስ በአጭር ብሎን እሰሪያቸው። ብሎኑ ከሁለቱ ቺፑድ ውፍረት ማለፍ የለበትም። ጎማውን አልፎ ሊሾው ውስጥ የገባ ብሎን ድምፁን በቀጥታ ወደ ሶሌታው ያወርደዋል፣ እንዲህ ያለ ብሎን ሲበዛ ጎማው ያለ ሥራ ተቀመጠ ማለት ነው። በዙሪያውም ቺፑዱ ግድግዳውን እንዳይነካ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተሽ ስስ ስፖንጅ አስገቢበት። ዘኮሎውን ግድግዳው ላይ ብቻ ምቺው፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ክፍተቱን በሲሊኮን ዝጊ። አናጢው ይህን ሲያይ «ያላለቀ ሥራ ይመስላል» ብሎ ዘኮሎውን አጥብቆ ወለሉ ላይ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። አጠገቡ ቁሚ።

የጅማን እርጥበትም አንርሳ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚጥልበት ከተማ ነው፣ ክረምቱም ረጅም ነው። ሞኬት ሻጋታ ይይዛል፣ ቺፑድ ውሃ ካገኘ ያብጥና አይመለስም። ስለዚህ ሞኬቱን በሙጫ አታጣብቂው፣ በጠርዙ ይያዝ፤ በጋ ሲገባ ተነስቶ ፀሐይ ይምታው። ቺፑዱን ሽንት ቤትና ኩሽና ውስጥ አታስገቢ፣ በረንዳው በር ስር ዝናብ የሚገባ ከሆነ ያንን ሳትጠግኚ ሥራውን አትጀምሪ። ወለሉን በባልዲ ውሃ ደፍቶ የማጠብ ልማድም ከዚያ በኋላ ይቀራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ግን ያንቺ ቤት ውስጥ አይደለም፣ ሐጂ ቤት ነው። ከታች፣ ከሶሌታው ጋር ሳይነካካ ከግድግዳ ግድግዳ በሞራሌ የተያዘ ኮርኒስ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት፣ መሃሉ ላይ የመስታወት ወይም የድንጋይ ሱፍ፣ ከዚያ ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂብሰም ቦርድ ሁለት ድርብ። ይህ ንግግሩንም ምቱንም ይቀንሳል፣ ሶሌታውን በካሬ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢጭነው ነው፣ ግድግዳው ላይ ካረፈ ደግሞ ያንንም አይጭነውም። ጉዳቱ የክፍሉን ከፍታ መብላቱና የሰው ቤት መሆኑ ነው። ወጪውን ብትካፈሉ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ኮርኒሱን ለማሳመር መብራት የሚገባበት ክብ ክብ ቀዳዳ በየቦታው ከተበሳ ግን ቅድም ያልኩሽን የቀዳዳ ሒሳብ አስታውሺ። በሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ሶሌታው ላይ የተንጠለጠለ ኮርኒስም ጌጥ ነው፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቂበት።

የእንቁላል ትሪውን ልርሳው ነበር። ክፍል ውስጥ ማስተጋባትን በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ከቤት ወደ ቤት የሚያልፍ ድምፅን አያቆምም። ወረቀት ነው። በቀላሉ ይነዳል፣ አይጥም ይወደዋል። በዚያው መስመር የቡና ገለባ በወለል ስር እንሙላ የሚሉ ሰዎችም ሰምቻለሁ፣ ጅማ ላይ በነፃ ስለሚገኝ ሐሳቡ ያጓጓል፣ ግን ቀላል ነው፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ይነዳል። ተዪው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ባሉት አሮጌ የጣውላ ፎቅ ቤቶች ውስጥ የምትኖሩ ሰዎች ደግሞ ይህን የምታነቡ ከሆነ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው። የጣውላ ወለል ቀላልና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ በተሸካሚ እንጨቶቹ መሃል ከባድ ነገር መሙላት ይረዳል፤ ድሮ አውሮፓ ውስጥ አመድና አሸዋ ይሞሉ ነበር፣ እንጨቱ መሸከሙን ካረጋገጣችሁ ደረቅ አሸዋ አሁንም ይሠራል።

ሕግ ስለጠየቀ ሰውም ስላለ በአጭሩ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ድምፅና ንዝረት ከማድረግ እንዲቆጠብ ያዛል። ስለዚህ ሐጂ ሲናገሩ መብታቸው ነው፣ አንቺም ስለ ቴሌቪዥኑ ብትናገሪ እንዲሁ። እዚያ ድረስ ግን አትሂዱ፣ ቱቦው ይደፈን መጀመሪያ።

ደረቁን ወለል ለመሥራት ከወሰንሽ አንድ ነገር ከመግዛትሽ በፊት ለኪ። ጎማውና ሁለቱ ቺፑድ ተደምረው ወለሉን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያነሱታል። በሮቹ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈቱት ወይስ ወደ ውጭ? ወደ ውስጥ ከሆኑ ከታች ይቆረጣሉ፤ የእንጨት በር ይቆረጣል፣ የላሜራ በር ግን ብረት ቤት ሄዶ መበየድ አለበት። ሽንት ቤቱ መግቢያ ላይ እርከን ይፈጠራል፣ ማታ የሚነሱ ልጆች እንዳይሰናከሉ ጠርዙን በአሉሚኒየም አሲዢው፣ አሉሚኒየሙም ቺፑዱ ላይ ብቻ ነው የሚመታው፣ ሊሾው ላይ አይደለም።